ወንድሜ በሽብር ተጠርጥሮ ተያዘ፤ ምን መብት አለው? እኛስ ምን እናድርግ?

እህትየዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ታናሽ ወንድሜን ባለፈው ሳምንት ማታ ከቤት ወሰዱት። ሲቪል የለበሱ ሰዎች ናቸው የመጡት። ስልኩን፣ ላፕቶፑንና የዩኒቨርሲቲ ደብተሮቹን ሰብስበው ሄዱ። እናቴ «የት ልትወስዱብኝ ነው ልጆቼ?» ስትላቸው «ነገ ትሰሚያለሽ» አሏት። አልሰማንም። ከጣቢያ ጣቢያ ስንዞር «እዚህ የለም» እየተባልን ቆየን፤ ያለበትን ያወቅነው አብሮት የታሰረ ልጅ ቤተሰብ ደውሎልን ነው። ለካ እኛ ስንፈልገው እሱ ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ ፖሊስ «በሽብር ወንጀል ጠርጥሬዋለሁ» ብሎ ለምርመራ 14 ቀን ተፈቅዶለታል። ጠበቃ አልነበረውም።

አሁን ምግብ ይቀበሉናል፤ እሱን ግን አያሳዩንም። «ምርመራ ላይ ነው» ነው መልሱ። መጀመሪያ ያነጋገርነው ጠበቃ ደግሞ ሽብር የሚለውን ሲሰማ «ይህንን እንኳ አልይዝም» አለን።

እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ሕግ አላውቅም። ቤተሰብ ሊያየው አይችልም ወይ? ቃልህን ስጥ ሲሉት ዝም ማለት ይችላል? የምንጮኸውስ የት ነው?

ሌላም አለ። የአክስቴ ልጅ «አትመላለሺ፣ አንቺንም ይነካካሻል» ይለኛል። ጎረቤታችን እናቴ ፊት «ለአሸባሪ ደግሞ ምን መብት አለው» አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ እናቴ ሰው ቡና አትጠራም። እኔ ወንድሜ ንጹሕ ነው ብዬ ልከራከራችሁ አልመጣሁም። ንጹሕ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ግን እህቱ ነኝ፣ ሌላ ምን ልል እችላለሁ? ጥያቄዬ ጥፋተኛ ቢሆንስ የሚለው ነው። ጥፋተኛ ቢሆን እንኳ ጠበቃ አይገባውም? መደብደብስ አለበት? እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ።


የሕግ_ሰው፦

እህቴ፣ አይዞሽ። ወንጀል ችሎት ላይ ብዙ ዓመት ስለቆምኩ የማውቀውን ልንገርሽ። የምጽፈው ጠበቃ እስክታገኙ ድረስ ነው፣ ጠበቃውን አይተካም።

መጀመሪያ ይህንን ያዢ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19፣ 20 እና 21 ላይ የተያዘ ሰው፣ የተከሰሰ ሰውና በጥበቃ ሥር ያለ ሰው ምን መብት እንዳለው ይዘረዝራል። «በሽብር ከተጠረጠረ በቀር» የሚል ሐረግ የትም አታገኚም። የተያዘበትን ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያው ሊነገረው ይገባል። ዝም የማለት መብት አለው። በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፣ የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር። ተገዶ የሰጠው ቃል ማስረጃ አይሆንም። ዳኛ ፊት ነጥብ በነጥብ የምናነሳቸው እነዚህን ነው፣ ስለዚህ ወረቀት ላይ አይደል የቀሩት ብለሽ እንዳትተያቸው።

እሱን ማየትን በተመለከተ አንቀጽ 21 በግልጽ ያስቀምጣል። የትዳር ጓደኛ፣ የቅርብ ዘመድ፣ ጓደኛ፣ የሃይማኖት አባት፣ ሐኪምና ጠበቃ ሊጎበኙት ይችላሉ። «ምርመራ ላይ ነው» ይህንን መብት አይሽርም። ጣቢያው በቃል እምቢ ካለ በጽሑፍ አመልክቱ፣ ቅጂው ላይ «ተቀብያለሁ» ብለው እንዲፈርሙ ጠይቁ። አልፈርምም ካሉ ቀኑንና የተረኛውን ማዕረግ ራሳችሁ ጻፉት። በቀጠሮው ቀን ጠበቃው ያንን ይዞ «ቤተሰብ ተከልክሏል፣ ትዕዛዝ ይሰጥልን» ይላል። ዳኛ ትዕዛዝ ከሰጠ በኋላ የሚከለክል ኃላፊ ችሎት ቀርቦ እንዲያስረዳ ሊታዘዝ ይችላል።

ስለ 14 ቀኑ። የ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 59 በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ ቀጠሮ አይፈቅድም። ችግሩ ግን ያ ሕግ ቀጠሮው ስንት ጊዜ ሊደጋገም እንደሚችል ጣሪያ አላስቀመጠም። ስለዚህ ትግሉ በየቀጠሮው ነው። ፖሊስ ሲቀርብ የሚለው ሁልጊዜ ይመሳሰላል፦ ቀሪ ግብረ አበሮችን ለመያዝ፣ የምስክር ቃል ለመቀበል፣ የስልክና የላፕቶፕ ምርመራ ውጤት ለማምጣት። ጠበቃችሁ መጠየቅ ያለበት «ባለፈው የተፈቀደልህ ቀን ምን ሠራህበት?» ብሎ ነው። ስልኩ ፖሊስ እጅ ነው፣ ልጁ ውጭ ቢሆን ስልኩን ምን ያደርገዋል? የምርመራ መዝገቡ ይቅረብና ዳኛው ራሱ ይየው ብሎ መሟገትም ይቻላል። ይህ ሲነገረው ቀኑን የሚያሳጥር ዳኛ አለ፣ ዋስትና የሚፈቅድም አለ። ዝም ሲባል ግን 14ቱ እንዳለ ይሰጣል።

ዋናው ነገር፣ ተደብድቦ ከሆነ ይህንን ችሎት ላይ ራሱ ይናገር። ጠበቃው ብቻ ሳይሆን እሱ ራሱ፣ በአንደበቱ። «መዝገብ ላይ ይስፈርልኝ፣ ሐኪም ይመርምረኝ» ይበል። ቁስል ይሽራል፣ መዝገብ ላይ የሰፈረ ግን ከስድስት ወር በኋላም ይገኛል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 424 ተጠርጣሪን የሚያሰቃይ መርማሪን ከባድ ሲሆን እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ብዙ ሲሠራበት አላየሁም፣ እውነቱን ልንገርሽ። ግን ያልተመዘገበ ነገር ላይ በጭራሽ አይሠራም።

ጠበቃ መክፈል ካቃታችሁ የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት አለ፣ ጠይቁ። ለኢሰመኮም፣ ማለትም ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን፣ በጽሑፍ አመልክቱ። ኮሚሽኑ ማሰሪያ ቦታዎችን ሄዶ ያያል፣ ስሙ እዚያ መድረሱ ብቻ ለውጥ ያመጣል።


ያለፈበት፦

እኔ በዚሁ ክስ ታስሬ የወጣሁ ሰው ነኝ። የት እንደነበርኩ አልጠራም፣ ጉዳዩ ላይ ልሂድ።

የሕግ_ሰው የጻፉት ልክ ነው። እኔ የምጨምርልሽ ከውስጥ የሚታየውን ነው። ሌሊት ነው የሚጠሩህ። መርማሪው በማስፈራራት ላይጀምር ይችላል፣ ብዙ ጊዜ እንዲያውም ሻይ አዝዞልህ ነው የሚጀምረው። «ቤተሰብህ ረስቶሃል፣ ማንም አልመጣም» ይልሃል። እናቴ በር ላይ ቆማ እየዋለች እኔ ይህንን አምኜ ነበር። ስለዚህ ባያሳዩዋችሁም በየቀኑ ሂዱ። ምግቡን ስታስገቡ ሁሌ አንድ ዓይነት ነገር ይኑርበት፣ እሱ የእናቱ እጅ መሆኑን በምን እንደሚያውቅ እናንተ ታውቃላችሁ። እኔ የማውቀው በድንቹ ነበር። እናቴ ድንች ስትቆርጥ እንደ ሌላው አትቆርጥም። እንጀራውን በር ላይ በጣጥሰው ፈትሸውት፣ ወጡን በማንኪያ አማስለውት ነው የሚደርሰኝ። ድንቹን ሳይ ግን ውጭ ሰው እንዳለኝ አወቅኩ፣ ያን ሌሊት አልፈረምኩም።

ሌላ፣ የቆሸሸ ልብሱን መልሰው ሲሰጧችሁ እዚያው አጥባችሁ አትጨርሱ። ቤት ገብታችሁ በደንብ እዩት። ደም፣ ቅዳጅ፣ ሽንት ካለበት ፎቶ አንሱት፣ ልብሱን ሳታጥቡ አስቀምጡት፣ ለጠበቃው አሳዩት። ልብስ እንቢ ብለው ምግብ ብቻ ከተቀበሉም ይህም ራሱ ይጻፍ።

መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ የሐኪም ማዘዣውን ኦሪጅናል አትስጡ፣ ቅጂ ስጡ። ይጠፋል።

የምትለምኚው ጠበቃም ገብቶ ሲያናግረው አንድ ነገር ይንገረው፦ ያላነበበው ወረቀት ላይ እንዳይፈርም። የእኔን ቃል የጻፈው መርማሪው ነው፣ እኔ የማልጠቀምባቸው ቃላት ሁሉ ነበሩበት። «ኅቡዕ» የሚል ቃል በሕይወቴ ተናግሬ አላውቅም።


ሰኔ_16፦

ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር ሲል ዝም ማለት አልቻልኩም። ይቅርታ እህቴ፣ ያንቺን ወንድም አላውቀውም፣ ስለሱ አይደለም የምናገረው።

ሰኔ 16 ቀን 2010 መስቀል አደባባይ ነበርኩ። ያ ሁሉ ሕዝብ በደስታ ወጥቶ፣ ሰው እየዘፈነ፣ ቦምብ ተወረወረ። ሰው ሞተ፣ ከመቶ በላይ ሰው ቆሰለ። አጠገቤ የነበረች ልጅ በእግሯ ደም እየፈሰሰ «ጫማዬን፣ ጫማዬን» ስትል ነበር፣ ደንግጣ የምትለውን አታውቅም። እስከ ዛሬ ይሰማኛል። ታዲያ እንዲህ ላደረገ ሰው ዝም የማለት መብት፣ የሐኪም መብት፣ የጉብኝት መብት ስትዘረዝሩ የልጅቷ መብት የቱ ጋ ነው? አንድ ሰው አውቶብስ ውስጥ ፈንጂ ቀብሮ ቢያዝና የት እንዳስቀመጠ አልናገርም ቢል እናንተ 48 ሰዓት ትቆጥራላችሁ? ፖሊስም ሰው ነው፣ በሕግ እጁን አስራችሁ ከተማውን ጠብቅ ትሉታላችሁ።


ለንደን_ያለሁ፦

ሰኔ_16፣ ወንድሜ፣ ያየኸው ቀላል አይደለም። በጥያቄህ አልቆጣም፣ መጠየቅ ያለበት ነው። እኔ በምኖርበት አገር የሆነውን ልንገርህና አንተ ፍረድ።

በፈረንጆቹ 1974 ኅዳር ላይ በርሚንግሃም ከተማ ሁለት መጠጥ ቤቶች ውስጥ ቦምብ ፈነዳ። 21 ሰው ሞተ፣ አብዛኞቹ ወጣቶች። አገሩ በቁጣ ነደደ። በሳምንት ውስጥ ፓርላማው የጸረ ሽብር ሕግ አወጣ። ፖሊስ ስድስት አየርላንዳውያን ያዘ፣ ተደበደቡ፣ አራቱ የእምነት ቃል ላይ ፈረሙ። ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። ሕዝቡ አጨበጨበ፣ ፋይሉ ተዘጋ። ከ16 ዓመት በኋላ፣ በ1991፣ ፍርዱ ተሽሮ ወጡ። እነሱ አልነበሩም። ቦምቡን ያፈነዱት ሰዎች ግን እስከ ዛሬ አንዳቸውም አልተፈረደባቸውም።

ስለ ልጅቷ መብት ጠየቅህ። የበርሚንግሃም ሟቾች ቤተሰቦች ሃምሳ ዓመት ሙሉ የጮኹት ስለዚህ ነው። ልጆቻቸውን ማን እንደገደለ ፍርድ ቤት አልነገራቸውም፣ ምክንያቱም ፖሊስ በዱላ የሚፈልገውን ቃል ካገኘ በኋላ ሌላ ሰው መፈለግ አቆመ። የተደበደበ ሰው የሚናገረው እንዲቆምለት የሚጠቅመውን ነው። አንተ ያልከው አውቶብስ ላይም ያው ነው፣ ድብደባው እንዲቆምለት ያገኘውን ሰፈር ይጠራልሃል፣ አንተ እዚያ ስትፈልግ ሌላ ቦታ ይፈነዳል።

ከእኛው አገር የተወለደ ሰው ታሪክም አለ። ቢንያም ሞሐመድ አዲስ አበባ ተወልዶ፣ በፈረንጆቹ 1994 በልጅነቱ እንግሊዝ መጥቶ ጥገኝነት ጠየቀ። በ2002 ካራቺ ላይ ተያዘ፣ በስውር ሞሮኮ ተወሰደ፣ እዚያ ሰውነቱን በምላጭ እንደቆራረጡት ተናግሯል። ከዚያ አፍጋኒስታን፣ ከዚያ ጓንታናሞ። ክሱ «ራዲዮአክቲቭ ቦምብ ሊያፈነዳ ነበር» የሚል ነበር፣ ዓለም ሁሉ የሰማው። በ2008 ያ ክስ ተሰረዘ። በየካቲት 2009 ለንደን ተመለሰ፣ አንድም ጊዜ ጥፋተኛ ሳይባል፣ ሰባት ዓመት ያህል ከታሰረ በኋላ። አንድ የአሜሪካ ፌዴራል ዳኛ በሌላ እስረኛ መዝገብ ላይ ስለ እሱ ስቃይ የቀረበውን አይተው እውነት ነው ብለው ተቀብለውታል፤ ከእሱ በስቃይ የወጣውንም ቃል በዚያኛው ሰው ላይ ማስረጃ አይሆንም አሉ። እዚህ ያሉ ሐበሾች ያን ጊዜ ምን ይሉ እንደነበር አስታውሳለሁ። «ያለ ነገር አልያዙትም» ነበር የሚባለው፣ እህትየዋ ዛሬ ከጎረቤቷ የምትሰማውን ማለት ነው።


የሕግ_ሰው፦

ለንደን ያሉት ከሩቅ አመጡ እንጂ እኛም ዘንድ ቅርብ ነው።

በእኛ አቆጣጠር በ2001 የወጣው የጸረ ሽብርተኝነት አዋጅ 652 ፖሊስ የሚጠይቀው ቀጠሮ ከ28 ቀን እንዳያንስ ያደርግ ነበር፣ እስከ 4 ወር ድረስ። ምንጩ ያልተገለጸ የደኅንነት ሪፖርት ማስረጃ ሆኖ ይቀርብ ነበር። ምንጩን ካላወቅክ ምኑን ትጠይቃለህ? ጦማሪዎቹና ጋዜጠኞቹ፣ የዞን ዘጠኝ መዝገብ የሚባለው፣ በሚያዝያ 2006 ተያዙ። የተወሰኑት ክሳቸው ተቋርጦ በሐምሌ 2007 ወጡ፣ የተቀሩት በጥቅምት 2008 ፍርድ ቤት ከሽብር ክሱ ነጻ አላቸው። ዓመት ከመንፈቅ ያህል ከታሰሩ በኋላ ማለት ነው። ያ ጊዜ ማንም አልካሳቸውም። በሰኔ 2010 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፓርላማ ላይ ቆመው ሰውን ጨለማ ቤት አስገብቶ ማሰቃየት የእኛ የሽብር ሥራ ነበር አሉ። ማዕከላዊ የሚባለው የአዲስ አበባው የምርመራ እስር ቤት በዚያው ዓመት ተዘጋ፣ አዋጁም በ2012 ተሽሮ በ1176 ተተካ። አዲሱ አዋጅ ሰልፍና የሥራ ማቆም አድማን ከሽብር ለመለየት ሞክሯል፣ ይህ ጥሩ ነው። አዋጅ መለወጥ ግን መርማሪን አይለውጥም። ሕንጻ መዝጋትም አይለውጠውም።

ሰኔ_16 ወንድሜ፣ ሕጉ የፖሊስን እጅ አስሯል የምትለው ላይ አንድ ነገር ልበል። ፖሊስ ሰው ከያዘ በኋላ ማስረጃ ከሚፈልግ ማስረጃ ይዞ ሰው ቢይዝ 48 ሰዓት በቂው ነው። በፍርድ ቤት ትዕዛዝ መበርበር ይችላል፣ የስልክ መረጃ ማውጣት ይችላል፣ ለሚፈሩ ምስክሮች በ2003 የወጣ የጥበቃ አዋጅ 699 አለለት። ይህ ሁሉ ሥራ ይጠይቃል። ድብደባ ያንን ሥራ ያስቀረዋል፣ ከዚያ ፍርድ ቤት ሲመጣ መዝገቡ ባዶ ይሆናል፣ እውነተኛው ወንጀለኛም በባዶ መዝገብ በነጻ ይወጣል። ይህንን በዓይኔ አይቻለሁ፣ የተጎጂ ቤተሰብ ሲያለቅስ ጭምር።

በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ውስጥ እንኳ አንቀጽ 18፣ ማለትም ከጭካኔና ከኢሰብአዊ አያያዝ የመጠበቅ መብት፣ አይታገድም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 ላይ ጽፎታል። ጦርነት ላይም ቢሆን።


ሰኔ_16፦

ስለ በርሚንግሃሙ አላውቅም ነበር። ያንን እቀበላለሁ፣ እኔ የምፈልገው ያደረገው ሰው እንጂ የተገኘው ሰው አይደለም።

ግን የእኔም ነገር ይሰማ። ከዚያ ቀን በኋላ ቀጠሮው መቼ ነው፣ ምን ተፈረደ ብሎ የነገረን የለም። ዜና ላይ ነው የምንሰማው። ለተከሳሽ ቤተሰብ እንዲህ የምትመክሩ ሰዎች ለተጎጂም ምከሩ። ያኔ እኔም አብሬያችሁ እቆማለሁ።


ያለፈበት፦

ሰኔ_16 ልክ ነህ። የእኔ ችሎት ላይ የሆነ ጥቃት ተጎጂዎች ተብለው የመጡ ሰዎች ነበሩ። ኮሪደር ላይ ከእናቴ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ይውሉ ነበር። ማንም አላናገራቸውም፣ ቀጠሮ ሲቀየር እንኳ የነገረቻቸው እናቴ ናት።


የሕግ_ሰው፦

ሰኔ_16፣ በቅንነት የተነሣ ነው። የተጎዳህ ሰው እንደመሆንህ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ሄደህ የመዝገቡን ቁጥር መጠየቅ ትችላለህ። ችሎቱ በዝግ ካልሆነ በቀር ገብቶ መከታተልም መብትህ ነው። በወንጀሉ ለደረሰብህ ጉዳት ካሳ ለመጠየቅም መንገድ አለ። በግል ጻፍልኝ፣ የምችለውን እረዳሃለሁ።


እህትየዋ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሰኔ_16ም ጭምር፣ ከልቤ ነው። ጎረቤታችን እንዳንተ ቢያናግረኝ እመልስለት ነበር።

ማመልከቻውን ዛሬ አስገባን። ተረኛው አልፈርምም አለ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፍኩ። የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት ሄጄ ነበር፣ ክስ ሳይመሰረት ይቆሙለት እንደሆነ ነገ ይነግሩኛል። አንዲት ሴት ጠበቃ ደግሞ ለቀጠሮው ብቻ በትንሽ ክፍያ እቆማለሁ ብላኛለች። እናቴ ዛሬ ወጥ ስትሠራ የድንቹን ነገር ነገርኳት። እሷ ሽሮ ላይ ቃሪያ በቁመቱ ሰንጥቃ ነው የምትጨምረው፣ እሱ ያውቀዋል።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ልብሱ ትናንት ተመልሶልናል፣ የሸሚዙ ክንድ ላይ ትንሽ ደም አለ። ከምን እንደሆነ አላውቅም። ለቀጠሮው እስክንደርስ ልጠብቅ ወይስ አሁን ላሳይ?


የሕግ_ሰው፦

አሁን። አትጠብቂ። ሸሚዙን በወረቀት ከረጢት አድርጊው፣ ላስቲክ ይሻግተዋል። የተቀበላችሁበትን ቀንና ማን እንደተቀበለ ጽፈሽ አብረሽ አስቀምጪ። ጠበቃዋ ቀጠሮውን ሳትጠብቅ ነገ ጠዋት ለችሎቱ አቤቱታ ታስገባ፣ ልጁ በአካል ቀርቦ በሐኪም እንዲታይ። ለኢሰመኮም በዚያው ቀን ቅጂ ይግባ። የጠበቃዋን ስልክ በግል ላኪልኝ፣ ዛሬ ማታ እደውልላታለሁ።